ሦስተኛውን ምስክር ማን ጠየቀው?

አንድ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም፤ ታሪኩን ስትሰሙ ቶሎ ክፉ ታደርጉትና ከራሳችሁ ታርቁታላችሁ ብዬ ነው። ጾሙን የሚጾም፣ ከለቅሶ የማይቀር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው ላይ ያላረፈደ ሰው ነበር። ስሙን ልሳነወርቅ እንበለው።

ልሳነወርቅ በአንድ የቆላ አገር የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ውስጥ የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ጥገና ክፍል ኃላፊ ነበር። እናንተ መብራት ሲጠፋ «ኧረ ምን ጉድ ነው!» ብላችሁ ሻማ ትፈልጋላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቁም። አልፈርድባችሁም፣ እኔም እንደናንተው ነኝ። ለዛሬው ነገራችን ግን ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋችኋልና ስሙኝ።

እዚያ ጋዝ ተርባይን የሚባል ማሽን አለ። ጋዝ ያቃጥላል፣ በዚያ ኃይል ይሽከረከራል፣ መብራት ይሰጣል። ከልክ በላይ ከጋለ ግን ውስጡ ይቀልጣል፤ አጠገቡ ሰው ካለ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚለኩ ሦስት ሴንሰሮች ተተክለውበታል። ለምን ሦስት? አንዱ ሊዋሽ ይችላላ! አንዱ ብቻውን «ጋለ!» ብሎ ቢጮህ ኮምፒዩተሩ ዝም ይለዋል። ሁለቱ «ጋለ!» ካሉ ግን ወዲያው ጋዙን ይዘጋል፣ ማሽኑም ይቆማል። ሠራተኞቹ «ትሪፕ አደረገ» ይላሉ።

አያችሁ? ይህ የፈረንጅ ጥበብ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲዳኙ አንድ ምስክር አይበቃም ይሉ ነበር። ሁለት ይምጡ፣ ሦስት ይምጡ ይሉ ነበር። እንግዲህ ብረት እንኳ በአንድ ምስክር አይፈረድበትም።

በአንድ ግንቦት ወር ላይ ቁጥር ሁለት ማሽን ያለ ምክንያት ይቆም ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሴንሰሮች «ጋለ!» አሉ፣ ሦስተኛው «ኧረ ደህና ነው» አለ። ሁለት ለአንድ ነውና ማሽኑ ቆመ። ውስጡን ቢያዩት የቀለጠ የለ፣ የተቃጠለ የለ። አስነሱት። በአራተኛው ቀን እንደገና ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቆመ። በሳምንቱ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ።

ልሳነወርቅ ቁጭ ብሎ አሰበ። «ሁለት ሴንሰር በአንድ ሰከንድ አይዋሽም» አለ። «እንግዲያው ማሽኑ እውነት ግሏል። ማሽኑ እውነት ከጋለ ደግሞ አንድ ሰው ጋዙን ነክቶታል።»

ማን?

ወገኖቼ፣ ይህችን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ምን ተበላሸ ማለት ሲገባው ማን አበላሸ አለ። እኛስ? ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የምንፈልገው ዕቃውን ነው ወይስ ሌባውን?

የፈረቃውን መዝገብ ገለጠ። ማሽኑ ሦስቱንም ጊዜ የቆመው በደምሰው ፈረቃ ነው። ደምሰው ማነው? ራሱ ልሳነወርቅ ያሠለጠነው፣ በክፍሉ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው። እጁ የተባረከ፣ አፉ ደግሞ ትንሽ ያልታረመ። ከሁለት ዓመት በፊት ልሳነወርቅ ሰሌዳ ላይ የሽቦ መስመር ሥሎ ሲያስተምር ይኸው ደምሰው እጁን አውጥቶ «ጋሽ ልሳኑ፣ ይቺ መስመር የተገለበጠች መሰለኝ» ብሎት ነበር። ልክም ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልሳነወርቅም ሳቀ፤ ግን የሳቀው ከአንገት በላይ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ቂም ይዟል። ይህን እሱ ራሱ አያውቅም ነበር፤ ቂም ሲገባ በር አያንኳኳማ።

አሁን ሁሉ ነገር ይገጣጠምለት ጀመር። ደምሰው ከአራት ወር በፊት «ለቤት ጉዳይ» ብሎ ሁልጊዜ የቀን ፈረቃ እንዲሰጠው ማመልከቻ አስገብቷል። የቤት ጉዳይ? የምን የቤት ጉዳይ? ሰው ሁሉ ቆላ ላይ የቀኑን ፀሐይ ሲሸሽ እሱ ለምን ፈለገው? ሦስተኛው ትሪፕ ባጋጠመ ጊዜ ደግሞ ደምሰው መዝገቡ ላይ በእጁ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «እውነቱን የሚናገረው ሦስተኛው ሴንሰር ይመስለኛል። ሁለቱ ይፈተሹ።»

ልሳነወርቅ ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። «እንዴት አወቀ? ካልነካው በምን አወቀ?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ሰውየው መድኃኒቱን ጽፎ ሰጠው፤ እሱ እንደ መርዝ አነበበው። አንዴ የተጠረጠረ ሰው ምን ቢያደርግ ይድናል? ቢናገር ተንኮል፣ ዝም ቢል ተንኮል። ቢስቅ ንቀት ነው፣ ቢያዝን ፍርሃት ነው። ሰላምታ ቢሰጥ «ምን ፈልጎ ነው?» ይባላል፤ ሳይሰጥ ቢያልፍ «አየኸው? ዓይኔን ማየት አቃተው» ይባላል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን አልሽርም፤ መጠርጠር የልሳነወርቅ የሥራ ዕቃው ነው፣ ካቻቢቴው ማለት ነው። ሴንሰር ይጠረጥራል፣ ሽቦ ይጠረጥራል፣ ኮምፒዩተር ይጠረጥራል። አንድ ነገር ብቻ ጠርጥሮ አያውቅም፤ ራሱን።

አንድ ቀን ታዲያ ማሽኑን ከኮንትሮል ሩም ሆኖ የሚቆጣጠረውን መኩሪያን ጠጋ አለው።

«መኩሪያ፣ ይሄ ደምሰው ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ወደ ጋዙ መስመር ሲሄድ አላየኸውም?»

«እንጃ ጋሽ ልሳኑ፣ ዙር ሲዞር በዚያ ነው የሚያልፈው።»

«ያልፋል ማለት ነው?»

«ማለፍማ ያልፋል።»

«ይኸውልህ! በል ይሄ ነገር በኛ መካከል ይቅር።»

በማግስቱ መጋዘን ወረደ። መጋዘን ጠባቂው አቶ ባልቻ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ባልቻ፣ ይሄ ደምሰው ሽቦ አላበዛብህም?»

«ኧረ ሁሉም ያወጣሉ ጋሼ። ቴክኒሻን አይደሉ?»

«የሱ ግን አልበዛም?»

ባልቻ ጢሙን አሻሸ። «አሁን ሲሉኝ… አዎ፣ ትንሽ በዛ ሳይል አይቀርም።»

«በል፣ በኛ መካከል ይቅር።»

በመካከላቸው ቀረ? እናንተን ነው የምጠይቀው! «በኛ መካከል ይቅር» የተባለ ወሬ የት ቀርቶ ያውቃል? በሁለት ሳምንት ውስጥ ግቢውን ዞሮ ጨረሰው። ምሳ ቤት ውስጥ አንዱ «ደምሰው ከጋዙ መስመር ሥር ሲወጣ ታይቷል አሉ» አለ፤ ሌላው «ከመጋዘን በድብቅ ሽቦ ያወጣል አሉ» አለ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታልና ስለ ደምሰው የሚያወራው የሌለው ሰው ታጣ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ልሳነወርቅ ራሱ ጆሮ ደረሰ። ምን አለ መሰላችሁ? ጭኑን መታና «አላልኩም? እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ!» አለ።

የገዛ ቃሉ ነው ሌላ ልብስ ለብሶ የመጣለት። አላወቀውም። እንግዳ መስሎት ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለው።

ከዚያ ክስ ጻፈ። ሁለት ምስክር ቆጠረ፤ አንድ መኩሪያ፣ አንድ ባልቻ። ደምሰው ከሥራ ታገደ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀን ተቆረጠለት። ጥፋተኛ ከተባለ ስንብት ነው። ስንብት ብቻም አይደለም፤ «ማሽን ሆን ብሎ ያበላሸ» የተባለ ቴክኒሻን በየትኛው ጣቢያ በር ይገባል? ዕድሜውን ሙሉ የተማረው እጅ ሥራ ፈት ሆኖ ሊቀር ነው።

ደምሰው ታግዶ ቤቱ በተቀመጠ በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ማሽኑ ትሪፕ አደረገ።

እንግዲህ ሰውየው ቤቱ ነው! ማንም ጤነኛ ሰው «ተሳስቻለሁ» ይላል አይደል? ልሳነወርቅ ግን «አንድ ነገር ቀብሮልን ነው የሄደው!» አለ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ሲያጣ ይበልጥ ያምናል።

የተቀበረውን ሊያወጣ ተነሣ። ነገ ኮሚቴው ሊቀመጥ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካቻቢቴውን ይዞ ወደቆመው ማሽን ሄደ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከማሽኑ ጎን፣ ከሴንሰሮቹ የሚመጡት ሽቦዎች የሚገናኙበት አንድ የብረት ሳጥን አለ። ከፍቶ የሚያየው ሰው የለም። ፈታው። አቧራውን እፍ አለ። አየ።

አንዲት አጭር ሽቦ አለች። በሥዕሉ ላይ የሌለች፣ በመዝገብ ያልተጻፈች፣ ከመጀመሪያው ሴንሰር ቦታ ወደ ሁለተኛው ቦታ የተሻገረች ሽቦ ናት።

«ያዝኩት!» አለ። ልቡ በደስታ ዘለለች፤ አዎ፣ በደስታ። የሰው ጥፋት ስናገኝ ደስ ይለናል፤ ይህን አንካድ። እዚያው ቆሞ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለወይዘሮ ዘርፌ ደወለ። «ማስረጃውን አግኝቼዋለሁ። የተደበቀ ሽቦ ነው። ነገ ይዤው እቀርባለሁ» አላት። ስልኩን ዘጋ። ሽቦዋን ሊያወጣ ጎንበስ አለ።

ሽቦዋ ላይ ነጭ ናስትሮ ተጠቅልሎባታል። ናስትሮው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አለ። አቧራውን በጣቱ ጠረገው። «ለጊዜው» ይላል። ከሥሩ የባለፈው ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ቀን አለ። ጽሕፈቱ የማን ነው?

የራሱ ነው።

ትዝ አለው። የዛሬ ዓመት በፋሲካ ዋዜማ ሁለተኛው ሴንሰር ሞተ። መለዋወጫ መጋዘን የለም። ከበላይ ስልኩ ይጮኻል፦ «አገር ጨልሞ ፋሲካ ሊውል ነው ወይ? አስነሡት!» ማሽኑ ያለ ሁለተኛው አልነሣ ሲለው፣ ልሳነወርቅ የሞተውን ሴንሰር ሽቦ ነቅሎ ጠቀለለው፤ በቦታው ከመጀመሪያው ሴንሰር ሽቦ አሻግሮ ሰጠው። ክልክል ስለሆነ መዝገብ ላይ አልጻፈውም። ከበዓል መልስ አስተካክለዋለሁ አለ። ከበዓል መልስ ረሳው። ወገኖቼ፣ እኛስ «ለጊዜው» ብለን አስቀምጠን የረሳነው ስንት ነገር አለ?

ገባችሁ? ዓመት ሙሉ ኮምፒዩተሩ ሦስት ምስክር አለኝ ሲል የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ሴንሰር በራሱም ወንበር፣ በሟቹም ወንበር ተቀምጦ ይናገራል። አሁን የዚያ የመጀመሪያው ማሠሪያ ብሎን ላልቷል፤ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ሲግል ሽቦው ይለቅና ንባቡ ወደ ሰማይ ይዘላል። አንዱ ሲዋሽ ሁለት ሰው የመሰከረ ይመስላል። ደግሞ «ኧረ ደህና ነው» እያለ ብቻውን ሲጮህ የከረመው ሦስተኛው? እሱ ነበር እውነተኛው። በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ እንጂ።

ልሳነወርቅ ሳጥኑ ሥር ቁጭ አለ። አፈረ። ከሐፍረቱ ይልቅ ደግሞ ፍርሃቱ በለጠ። ሃያ ሁለት ዓመት ሥራው፣ ስሙ፣ «ጋሽ ልሳኑ» መባሉ ሁሉ ታየው። ስልኩን ባይደውል ኖሮ! ደውሏል እንጂ። ነገ ሽቦዋን ይጠብቃሉ።

ያን ጊዜ ምን አደረገ?

ናስትሮውን ላጠው።

ቀስ ብሎ፣ በጥፍሩ፣ ላጠው። ሊጥለው ፈልጎ እጁ እምቢ አለው፤ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ሽቦዋን ነቀለ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ በሟቹ ሴንሰር ቦታ ከመጋዘን አዲስ አምጥቶ ተከለ፣ ማሽኑ ተነሣ። አሁን ማሽኑ ድኗል። ጥፋተኛ ለመባል የቀረው ደምሰው ብቻ ነው። ጸጥ ያለ፣ የማይነቃበት፣ የለሰለሰ ኃጢአት! ከናንተ መካከል እንዲህ ያለ ናስትሮ ኪሱ ውስጥ የሌለ ማነው?

በማግስቱ ኮሚቴው ተቀመጠ። ወይዘሮ ዘርፌ የሰው ኃይል አስተዳደር ሹም ናት፤ ስለ ማሽን ምንም አታውቅም፣ ሰውን ግን መጠየቅ ታውቃለች። ሽቦዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። መኩሪያ ተጠራ።

«ደምሰው ጋዙን ሲነካ አይተሃል?»

«ነክቷል ተብሏል።»

«አንተ አይተሃል ወይ ነው የምለው።»

«እኔ… ሲያልፍ አይቻለሁ።»

«ነካ የሚለውን ከማን ሰማህ?»

መኩሪያ አንገቱን ደፋ። «ከጋሽ ልሳኑ።»

አቶ ባልቻ ተጠራ። «ሽቦ ማብዛቱን በመዝገብ አረጋግጠሃል?»

«በመዝገብስ እንደ ሌሎቹ ነው እመቤቴ።»

«ታዲያ በዛ ያለህ ማነው?»

ባልቻ በአገጩ ወደ ልሳነወርቅ አመለከተ።

ልሳነወርቅ ይህን ሁሉ ሰማ። ሁለት ምስክር ቆጥሮ ነበር። ሁለቱም እሱ ናቸው! በመኩሪያ ወንበር እሱ ተቀምጧል፣ በባልቻ ወንበር እሱ ተቀምጧል። ትናንት ሳጥኑ ውስጥ ያየውን ዛሬ በሰው አየው።

ወይዘሮ ዘርፌ ወደ ደምሰው ዞረች። «ይህን ሽቦ ታውቀዋለህ?»

ደምሰው አነሣው። ጫፎቹን አየ። ልሳነወርቅ ያሠለጠነው ሰው ሁሉ የተላጠውን ሽቦ ከብሎን ሥር ከማስገባቱ በፊት ጫፉን አጥፎ ይደርበዋል፤ እንዲጠነክር። የሌላ ጣቢያ ሰው እንዲያ አያደርግም።

«የኛ ክፍል እጅ ነው» አለ ደምሰው ቀስ ብሎ። «ሁላችንም እንዲህ ነው የምናጥፈው። ጋሽ ልሳኑ ናቸው ያስተማሩን። እኔ አይደለሁም ብል ምን ማረጋገጫ አለኝ?»

የልሳነወርቅ እጅ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ያቺን የተጨማደደች ናስትሮ አወጣና ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ዘረጋት።

«ከዚህ ላይ ነው የላጥኳት» አለ። «ትናንት ነው። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ሽቦውም የኔ ነው።» ወደ ደምሰው ዞረ። «ወሬውም የኔ ነው።»

እዚህ ላይ ሁላችሁም ደምሰው ተነሥቶ የሚያቅፈው መስሏችኋል። አላቀፈውም። ከተቀመጠበት ሳይነሣ እንዲህ አለው፦

«ጋሽ ልሳኑ፣ ሽቦውስ ይሁን። ሰው ይሳሳታል። የቀን ፈረቃ የጠየቅኩት ባለቤቴ ጤና ጣቢያ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ነው፤ ልጆቼን የሚያሳድር የለኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ ስለኔ ሲጠየቅ ከረመ። መኩሪያ ተጠየቀ፣ ባልቻ ተጠየቀ። እኔን እኮ አንድ ቀን እንኳ ‹ደምሰው፣ አንተ ነህ ወይ?› ብለው አልጠየቁኝም። ብዋሽ እንኳ ፊቴን ያዩት ነበር።»

ልሳነወርቅ አለቀሰ።

ደምሰው ወደ ሥራው ተመለሰ። ልሳነወርቅ ከኃላፊነቱ ወረደ። ያም ሆኖ ደምሰው ከሦስት ወር በላይ አልቆየም፤ ምሳ ቤት ሲገባ ወሬ የሚቋረጥበት ሰው እንዴት ይቆያል? ዝውውር ጠይቆ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄደ። እዚያ በደረሰ ቀን የተቀበለው ሰው እጁን ጨብጦ ምን አለው መሰላችሁ? «አሃ፣ ያ ማሽን ያበላሸኸው አንተ ነህ?» አለው። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ ነፃ መውጣቱ ግን አልደረሰም። እውነት እያደር ይጠራል እንላለን፤ እስኪጠራ ድረስ ግን የሰው ስም ያልቃል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

«ሁሉም ሰው ይለዋል» ስትሉ እሰማለሁ። ሁሉም ማነው? ቁጠሩልኝ። አንዷ ከጎረቤቷ ሰማች፣ ጎረቤቷ ከማን ሰማች? ወደ ኋላ ብትከተሉት ስንት ጊዜ ነው አንድ አፍ ላይ የሚያልቀው? ስንት ጊዜስ ነው ያ አፍ የራሳችሁ ሆኖ የሚገኘው? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ተብሏል፤ እኛ መላውን ትተን ወሬ እንጨምርበታለን።

አትጠርጥሩ አላልኳችሁም። ጠርጥሩ! ልጃችሁን ለማን እንደምትሰጡ ጠርጥሩ፣ በምን ላይ እንደምትፈርሙ ጠርጥሩ። ስትጠረጥሩ ግን ከራሳችሁ ጀምሩ፤ ቂማችሁን ፈትሹ። ከዚያም ሦስተኛውን ምስክር ጥሩ። ሦስተኛው ማነው? ራሱ የተጠረጠረው ነው። ምናልባት ጥፋተኛ ይሆናል። ይሁን! ከአፉ ስሙት። ሁሉን የሚያውቅ ፈጣሪ እንኳ የመጀመሪያዎቹን በዳዮች ከመፍረዱ በፊት ጠርቶ ጠይቋቸዋል። እኛ ምንም ሳናውቅ፣ ሳንጠይቅ እንፈርዳለን።

አሁን ይህን ስናገር በልባችሁ የአንድ ሰው ፊት መጥቷል። አውቃለሁ፤ ዓይናችሁ ላይ አያለሁ። የባልሽ እኅት ናት፣ የሥራ ባልደረባህ ነው፣ ከዚሁ ከመካከላችሁ ከኋላ ወንበር የተቀመጠም ይሆናል። ስለሱ ለስንት ሰው ነገራችሁ? ለሱስ?

ከልሳነወርቅ ቢሮ እስከ ደምሰው ጠረጴዛ ድረስ አንድ መተላለፊያ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት እርምጃ። መኩሪያ ዘንድ ለመሄድ ፎቅ ወጣ፣ ባልቻ ዘንድ ለመሄድ መጋዘን ወረደ፤ ያቺን አሥራ ሁለት እርምጃ ግን አልሄዳትም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት በቀጥታ አትሂዱ። ሂዱና ጠይቁት።